ሰባት ጊዜ አንብቤው እንዴት ሳላየው ቀረሁ?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ውድ የዓምዱ አማካሪ፣ እንደምን ሰነበቱ?

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤና ሪፖርት በማዘጋጀት ሥራ ላይ ከተሰማራሁ 6 ዓመት ሆኖኛል። መጻፍ እወዳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰዎች «እጇ ለጽሑፍ ይታዘዝላታል» ሲሉኝ ነው ያደግሁት። አሁን ግን አንዲት አጭር ደብዳቤ ጽፌ «ላክ» የሚለውን ከመጫኔ በፊት እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

ነገሩ የተጀመረው ከ4 ወር በፊት ነው። ሰነዳቸውን አሟልተው ላላቀረቡ 42 አመልካቾች የሚላክ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ማመልከቻቸው ተቀባይነት ላገኘ ሰዎች ቀደም ብዬ ያዘጋጀሁት ደብዳቤ ስለነበረ እሱን ቀድቼ አስተካከልኩት። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ምንም አላየሁበትም። ተላከ። በማግስቱ ጠዋት አንዲት አመልካች ስልክ ደወሉና ደብዳቤውን በተረጋጋ ድምፅ አነበቡልኝ፦ «ሰነድዎ ስለተሟላ ማመልከቻዎ ተቀባይነት አላገኘም።» ከዚያም «ልጄ፣ ባላሟላ ኖሮ ትቀበሉኝ ነበር ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አልተቆጡም፤ ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ። «ስላልተሟላ» መባል ነበረበት።

በዚያው ቀን የተስተካከለውን ደብዳቤ ለ42ቱም ልኬ ይቅርታ ጠየቅሁ። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ግን ኃላፊዬ የተሳሳተውን ደብዳቤ አውጥተው ጮክ ብለው አነበቡት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሰባት ጊዜ አነባለሁ። ቆጥሬ ነው የምልዎት። ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እቀራለሁ። ሳነበው ንጹሕ ነው። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የላክሁትን በስልኬ ስከፍተው ግን ስሕተቱ ወዲያው ዓይኔ ላይ ይደቀናል። ባለፈው ሳምንት የአንድን ሰው ስም በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ጽፌ ልኬያለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ሁኔታዬን አይታ «ከፈለግሽ እኔ ላንብብልሽ» አለችኝ። «አያስፈልግም» አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ የወጣው ግን በቁጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ብዙም አንነጋገርም። አሁን ደግሞ ኃላፊዬ የዓመቱን ሪፖርት የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ ብለውኛል። 60 ገጽ ያህል ይሆናል፤ የማስረክበው ከ3 ሳምንት በኋላ ሐሙስ ቀን ነው። እምቢ ልላቸው አስቤያለሁ።

እባክዎን ይንገሩኝ። ቸልተኛ ነኝ? ወይስ ዓይኔ ነው ችግር ያለበት? ሰባት ጊዜ አንብቤው እንዴት ሳላየው እቀራለሁ? ሪፖርቱንስ እምቢ ልበል?

ሰባት ጊዜ የምታነበው

የአማካሪዋ መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ስንት ጊዜ አንብበሽው እንደላክሽልኝ መገመት አያቅተኝም። ድካምሽ ከመስመሮቹ መካከል ይሰማል፤ አዘንኩልሽ። «ቸልተኛ ነኝ?» ላልሽኝ መልሴ አጭር ነው። ቸልተኛ ሰው ሰባት ጊዜ አያነብም።

ከስብሰባው ልጀምር፤ ሌላውን ሁሉ ያከበደብሽ እሱ ይመስለኛልና። ስሕተቱን ባወቅሽበት ቀን አርመሽዋል፤ ለ42ቱም ሰዎች ይቅርታ ጠይቀሻል። ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ከሳምንት በኋላ በሰው ፊት መነበቡ በደብዳቤው ላይ ያስተካከለው ምንም ነገር የለም፤ አንቺን ብቻ ነው ያቆሰለው። ይህን የምልሽ ኃላፊሽን እንድትቀየሚ ብዬ አይደለም። ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሻል ብዬ ስለማስብ ነው፤ አንዱ የተሳሳተች ቃል ናት፣ ሌላው የዚያ ቀን ሳቅ ነው። እስኪ ራስሽን ጠይቂ፤ ማታ ማታ ከወንበርሽ አላስነሳ የሚልሽ የቱ ነው? ሁለተኛው ከሆነ ሰባቱ ንባብ ለምን እንዳልያዘልሽ ከፊሉ መልስ እዚህ አለ። የፈራ ሰው ሲያነብ ዓይኑ የሚፈልገው «ምንም የለበትም» ብሎ እፎይ የሚልበትን መንገድ ነው። ስሕተት ማግኘት ለእሱ ክፉ ዜና ነው። የሚያርም ሰው ግን ስሕተት ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ አንድ አዳነ።

እኔ በዚህ ዓምድ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ለብዙ ዓመታት በማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። ስለዚህ ጥያቄሽ ለእኔ የሩቅ ጥያቄ አይደለም።

ዓይንሽ ምንም አልሆነም። ማንኛውም ሰው ሲያነብ ዓይኑ በመስመሩ ላይ እንደ ውኃ እየፈሰሰ አይሄድም፤ ይዘላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይዘላል። በየማረፊያው የሚቆየው የአንድ ሰከንድ ሩብ ያህል ነው። አጫጭርና የተለመዱ ቃላትን ብዙ ጊዜ ጭራሽ ሳያርፍባቸው ያልፋል። የተዘለለውን የሚሞላው አእምሮ ነው፤ የሚሞላውም ከሚያውቀው ነገር እየቀዳ ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ ስታነቢ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማታውቂ ዓይንሽ ወረቀቱን ለማየት ይገደዳል። የራስሽ ጽሑፍ ሲሆን ግን ምን ለማለት እንደፈለግሽ አስቀድመሽ ታውቂያለሽ። «ስለተሟላ» የሚለው ቃል ፊት ለፊትሽ ተጽፎ ሳለ አንቺ ያነበብሽው «ስላልተሟላ» ብለሽ ነው፤ በልብሽ የነበረው እሱ ነውና። ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ ያልሽው ሁሉ ሐሳብሽን ነው ያነበብሽው። እንዲያውም በየንባቡ ጽሑፉን በቃልሽ እያጠናሽው ስለምትሄጂ ሰባተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ያነሰ ያያል።

ማታ በስልክሽ ስትከፍቺው ስሕተቱ ዘሎ የሚመጣብሽም በዚሁ ምክንያት ነው። ስልኩ ላይ መስመሮቹ ሌላ ቦታ ላይ ይሰበራሉ፤ ቀን ከመስመሩ መሐል ተደብቃ የነበረች ቃል ማታ የመስመሩ መጀመሪያ ላይ ብቻዋን ትቆማለች። ከዚያም በላይ አንቺ ራስሽ ተለውጠሻል። ከላክሽው በኋላ የምታነቢው «ምን ብለው ያነቡት ይሆን?» እያልሽ ነው፤ ማለትም በተቀባዩ ዓይን ነው። ይህን እንደ እርግማን ቆጥረሽዋል፤ እኔ ግን በእጅሽ ያለ መሣሪያ ነው እልሻለሁ። ከመላክሽ በፊት ተጠቀሚበት። ደብዳቤውን መጀመሪያ ለራስሽ ላኪው። ከወንበርሽ ተነሥተሽ፣ ሌላ ቦታ ቆመሽ፣ በስልክሽ ክፈቺውና ዛሬ ጠዋት እንደደረሰሽ ሰው አንብቢው። ጊዜ ካለሽ ሌሊት ይደርበት። ጊዜ ከሌለሽ ቢያንስ የፊደሉን መጠን አሳድጊው ወይም አትሚው። ዓላማው ጽሑፉን ከዓይንሽ ጋር ማለማመዱን ማቆም ነው።

አንዲት ቃል ስለጣለችሽ ብቻሽን የሆንሽ አይምሰልሽ። እ.ኤ.አ. በ1631 በለንደን የንጉሡ አታሚዎች መጽሐፍ ቅዱስ ሲያትሙ ከዐሥርቱ ትእዛዛት በአንዱ ላይ አሉታውን የያዘችው ቃል ቀረችባቸውና «አመንዝር» የሚል ትእዛዝ ታትሞ ወጣ። አታሚዎቹ 300 ፓውንድ ተቀጡ፤ የማተም ፈቃዳቸውንም ተነጠቁ። በእንግሊዝኛው የጎደለችው ሙሉ ቃል ናት። በእኛ ቋንቋ ግን ይኸው ጥፋት አንድ ፊደል ይበቃዋል፤ «አታመንዝር» ከሚለው «ታ»ን አንሺና እዪው። በአማርኛ እምቢታ ለብቻው አይቆምም፤ በቃሉ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። «የተከፈለ» እና «ያልተከፈለ»፣ «ስለደረሰ» እና «ስላልደረሰ» ተብለው ሲጻፉ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ተመልከቺ። ስለዚህ በሥራሽ ውስጥ ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለው እዚህ ነው። መከልከልን፣ መፍቀድን፣ መከፈልን፣ መድረስን የሚናገር ዐረፍተ ነገር ባገኘሽ ቁጥር ቆመሽ «ነው ወይስ አይደለም?» ብለሽ ጠይቂው። በኮምፒውተሩ «ፈልግ» ብለሽ ይህን ማግኘት አትችይም። ኮምፒውተር ያለውን ፊደል ይፈልግልሻል፤ የጎደለውን አያውቅም።

አሁን ወደዚያች ዐረፍተ ነገር ልመልስሽ፤ እንዴት እንደተሳሳተች ማወቅሽ ከሰባት ንባብ ይበልጥ ይጠቅምሻል። መጀመሪያ የነበረው «ሰነድዎ ስለተሟላ ማመልከቻዎ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ነበር ብዬ እገምታለሁ። ቀዳሽው። በአማርኛ ነገሩ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ባለው ግስ ነው፤ እጅሽ ወደዚያ ሮጠና «አግኝቷል» የሚለውን «አላገኘም» አደረገው። ምክንያቱ የተቀመጠበት መጀመሪያው ግን እንደነበረ ቀረ። ልብ በይልኝ፤ ይህ ስሕተት የተፈጠረው ስትጽፊ አይደለም፤ ስትለውጪ ነው። በአራሚነት በቆየሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ክፉ ስሕተቶች አብዛኞቹ እንዲህ የመጡ ናቸው። ጸሐፊው በመጨረሻዋ ሰዓት «ይቺን ቃል ብቻ ላስተካክል» ይላል፤ አስተካክሎም ያንን ዐረፍተ ነገር መልሶ ሳያነበው ያልፋል።

ስለዚህ አንድ ልማድ ያዢ። ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳን ብትለውጪ፣ ከመጀመሪያ ቃሉ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ መልሰሽ አንብቢው። የተለወጠውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በቀለም ምልክት አድርገሽበት አቆዪው፤ ቀለሙን የምታነሺው ካየሽው በኋላ ብቻ ይሁን። የእሺታን ደብዳቤ ለእምቢታ አትቅጂ። እምቢታውን እንደ አዲስ ጻፊው፤ አምስት መስመር ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅብሽም።

ሰባቱን ንባብ ስታነቢ በየንባቡ ምን ነበር የምትፈልጊው? «ስሕተት» ካልሽኝ ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ ስሕተት በጥቅሉ ሲፈለግ አይገኝም። ቁጥር የሚያርም ዓይን ሌላ ነው፣ ሐሳብ የሚከታተል ዓይን ሌላ ነው። ሐሳቡ ይያያዛል ወይ ብለሽ አንድ ጊዜ አንብቢ። በሌላ ጊዜ ስሞችንና ቁጥሮችን ብቻ፣ ሌላውን እንዳላየሽ ሆነሽ፣ ከምንጩ ሰነድ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ነጥብ በነጥብ እዪ። በጽሑፉ ውስጥ «42 አመልካቾች» ተብሎ ሠንጠረዡ ላይ 41 ስም ከተዘረዘረ ይህን በተራ ንባብ አታገኚውም፤ በጣትሽ መቁጠር አለብሽ። ቀኖቹንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁኑ ወይም በጎርጎርዮሳዊው ለይተሽ እዪ፤ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለቱ ሳይነገር ከተቀላቀሉ አንባቢ ይሳሳታል። በመጨረሻ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ሂጂ፤ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ ከዚያ ከእሱ በፊት ያለውን። ሐሳቡ ስለሚቋረጥብሽ አእምሮሽ የሚሞላው ነገር ያጣል፤ ፊደሉ ብቻውን ይቀራል። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል።

ጮክ ብሎ ማንበብን ከሁሉ አብልጬ እመክርሻለሁ። በማተሚያ ቤት ሁለት ሆነን ነበር የምናርመው። አንዳችን ረቂቁን ጮክ ብለን ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር እናነባለን፤ «ነጠላ ሰረዝ» «አራት ነጥብ» እያልን። ሌላችን የታተመውን በማስመሪያ መስመር በመስመር እየተከተልን እናያለን። ድምፅ ዓይን የሚዘላቸውን አጫጭር ቃላት አይዘልም። ረጅም ዐረፍተ ነገርም በጆሮ ይጋለጣል፤ «ሠራተኞቹ» ብለሽ ጀምረሽ አራት መስመር ተጉዘሽ «ተልኳል» ብለሽ ስትጨርሺ ጆሮሽ ይቆረቁረዋል፤ ዓይንሽ ግን ባለቤቱን ረስቶት ያልፋል። ደግሞ የእኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ይለካል» ብለሽ ስትጽፊ ሰውዬው ሌላ ነገር ይለካል ማለትሽ ነው ወይስ እሱ ራሱ በሌላ ሰው ይለካል ማለትሽ? አንቺ ታውቂያለሽ፤ ወረቀቱ አያውቅም። ጮክ ብለሽ ስታነቢው አንዴ አጥብቀሽ፣ አንዴ አላልተሽ ሞክሪው፤ ሁለቱም ትርጉም የሚሰጡ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩን ለውጪው።

በኮምፒውተር ስንጽፍ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የቃሉን ድምፅ በላቲን ፊደል ቁልፎች እየመታሽ የምትጽፊ ከሆነ አንዲት አናባቢ ስትረሺ ግዕዙ ሳድስ ይሆንብሻል፤ «መረጃ» «መርጃ» ሆኖ ይቀራል። «መርጃ» እውነተኛ ቃል ስለሆነ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ከሥሩ ቀይ መስመር አያሰምርበትም። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ብታገኚም ብዙ አትመኪበት። አንድ ግስ በፊቱና በኋላው በሚቀጠሉት ፊደሎች ብዛት እጅግ ብዙ መልክ ስለሚይዝ፣ ትክክለኛውን እንደ ስሕተት ይቆጥርና የተሳሳተውን ያሳልፋል።

ስለ ሰውዬው ስም ልንገርሽ፤ ሌሊቱን ያጣሽበት ነውና። በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በአ እና ዐ፣ በጸ እና ፀ መካከል የድምፅ ልዩነት ስለሌለ ጆሮ እዚህ ላይ አይረዳሽም። አንዳንድ ጊዜ ልዩነቱ ትርጉም ይለውጣል፤ በግዕዙ ሥር «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥለው ሲሆን «ሰአሊ» የሚለምነው ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ አለመመሳሰሉ ነው። አንድ ገጽ ላይ «ኃይሉ»፣ ከታች «ሀይሉ» ካልሽ አንባቢ ሁለት ሰው ሊመስለው ይችላል። ለኮምፒውተሩም ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ስትፈልጊ ሌላውን አያመጣልሽም። መፍትሔው ሌሊት ማፍጠጥ አይደለም። መጻፍ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ በሪፖርቱ የሚገቡትን ስሞችና የሚያምታቱሽን ቃላት አንድ ጊዜ ወስነሽ ጻፊ፤ ባለቤቱ ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ ጠይቀሽ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ስም በሚቻሉት አጻጻፎች ሁሉ ፈልጊ። ስትተኪ ግን «ሁሉንም ተካ» አትበይ። «ሰራ»ን በሙሉ «ሠራ» አድርጊ ብለሽ ብታዢው «ተሰራጨ»ንም «ተሠራጨ» ያደርግብሻል። አንድ በአንድ እያየሽ ተኪ።

ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላውጋሽ። በአንድ ወቅት ከ200 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ለሦስት አነበብን። ውስጡ ንጹሕ ነበር፤ እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ። ታትሞ ሲመጣ በሽፋኑ ላይ ከደራሲው የአባት ስም አንድ ፊደል ጎድሎ ተገኘ። ሦስታችንም ሽፋኑን ብዙ ጊዜ አይተነዋል፤ ማናችንም ግን አላነበብነውም። ሥዕልና ጌጥ ነው ብለን እንጂ ጽሑፍ ነው ብለን አልቀረብነውም። ደራሲው ሲመጡ በር ላይ የተቀበልኳቸው እኔ ነበርኩ። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ስማቸውን በአውራ ጣታቸው ሸፍነውት ነበር። ያ አውራ ጣት ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን የምጀምረው ከትልልቁ ፊደል ነው፤ ሽፋን፣ ርእስ፣ የሠንጠረዥ አናት፣ የፎቶ መግለጫ፣ የተቀባዩ ስም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። እኔ ግን ያን ሥራ አልተውኩም፤ መተው የነበረብኝም አይመስለኝም።

ይህን ያነሣሁት ሪፖርቱን እምቢ ልበል ስላልሽኝ ነው። እምቢ ብትይ ምን ታገኛለሽ? ምናልባት የሦስት ሳምንት ዕረፍት። ከዚያ በኋላስ የሚቀጥለውን ደብዳቤ ስትልኪ እጅሽ መንቀጥቀጡን ያቆማል? ሰውነትሽ እውነት ዝሎ ከሆነ እምቢ ማለት ነውር የለበትም፤ ውሳኔውም ያንቺ ነው። የእኔ ልብ ግን ተቀበዪው ወደሚለው ያደላል፤ በሁለት ነገር ላይ ከኃላፊሽ ጋር ከተስማማሽ። «ሪፖርቱን አዘጋጃለሁ፤ ጽሑፉን ከማስረከቢያው ሳምንት በፊት ባለው ዓርብ እጨርሳለሁ፤ ቀሪዎቹን ቀናት ለእርማት ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ አንድ ሌላ ሰውም ያንብብልኝ» በያቸው። ይህ የድክመት ልመና አይደለም፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። ስለ ስብሰባውም መናገር ከቻልሽ ለብቻቸው ሲሆኑ «ስሕተቴን ለብቻዬ ቢነግሩኝ ይበልጥ እማርበታለሁ» ማለት ይበቃል። ገና ካልጠናሽ ይቆይ።

ዓርብ ጨርሰሽ ቅዳሜና እሑድን አትንኪው። እኔ በደህናው ቀን በሰዓት ከ8 ገጽ በላይ አርሜ አላውቅም፤ 60 ገጽ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በሰኞና በማክሰኞ ክፈዪው፤ ሁልጊዜም ጠዋት፣ አርባ ደቂቃ አንብበሽ እየተነሣሽ። ረቡዕ የስምና የቁጥሩ ቀን ይሁን። ማታ ሁሉ ሰው ከሄደ በኋላ ማረም ግን ይቅር፤ በደከመ ዓይን የተነበበ አልተነበበም። በአጠቃላይ ሦስት ንባብ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ዓላማ ያለው፤ ከዚያ በላይ አትጨምሪ። ሦስተኛውን ስትጨርሺ ወረቀቱ ላይ «አበቃ» ብለሽ ጻፊ።

ሐሙስ ከላክሽው በኋላ ማታ አልጋሽ ላይ አትክፈቺው። ዓርብ ጠዋት ክፈቺው። ስሕተት ታገኚ ይሆናል፤ 60 ገጽ ያለ አንዳች ግድፈት የሚወጣው ስንቴ ነው? ያገኘሽው ነገር ትርጉም የሚለውጥ ከሆነ፣ ማለትም ቁጥር፣ ስም ወይም እምቢታ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ሁለት መስመር ማረሚያ ላኪ፤ በ42ቱ ደብዳቤዎች እንዳደረግሽው፣ ያን ጊዜ በጣም ጥሩ አድርገሻል። ትርጉም የማይለውጥ ከሆነ በስም ዝርዝሩ ወረቀት ጀርባ ላይ ለሚቀጥለው ጊዜ ጻፊውና ተዪው። ይህን ሁሉ አድርገሽም እንቅልፉ ካልተመለሰ፣ የእጅሽም መንቀጥቀጥ ካልተወሽ፣ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ፤ ያ የእርማት ጉዳይ አይደለምና።

የቀረችው ባልደረባሽ ናት። «ላንብብልሽ» ስትልሽ ለምን እንደተቆጣሽ ታውቂያለሽ ብዬ አስባለሁ፤ የስብሰባውን ሳቅ በእሷ ድምፅ ውስጥ ሰምተሽው ይሆናል። ግን እስኪ አስታውሺ፤ ያን ቀን ስቃ ነበር? ሁለተኛ አንባቢ የሚያስፈልገው የማይችል ሰው ብቻ አይደለም። ያቺን ዐረፍተ ነገር እሷ አንድ ጊዜ ብታነባት ኖሮ እንደ ደወሉልሽ እናት ወዲያው ትይዛት ነበር፤ ከአንቺ ስለምትበልጥ ሳይሆን ሐሳብሽን ስለማታውቅ። ስትሰጫትም «ስሕተት ካለ እዪልኝ» ብለሽ 60 ገጽ አታሸክሚያት። ውሳኔ የያዙትን ጥቂት ገጾች ምረጪና «ይሄን ዛሬ እንደደረሰሽ ሰው ሆነሽ አንብቢልኝ፤ ቆም ያልሽበት ቦታ ሁሉ ላይ ምልክት አድርጊልኝ» በያት። እርማቱን ለራስሽ አስቀሪው፤ እሷ ቆም ያለችበትን ቦታ ብቻ ታሳይሽ። የእሷንም ጽሑፍ አንቺ አንብቢላት።

ይህን ለመጀመር የሪፖርቱን ቀን አትጠብቂ። «ያን ቀን ስትጠይቂኝ ፈርቼ ነበር፤ ቁጣው ላንቺ አልነበረም» በያት። ሪፖርቱ ገና ሦስት ሳምንት አለው፤ እሷ ግን ነገ ጠዋት ከጎንሽ ትቀመጣለች።